የአባት ጠገራ ብርና የእህት ድርሻ

አቶ ዋለ አለምሰገድ ከሽንፋ ተነሥተው ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርዱበትን ጉዳይ ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። ግንቦት ተጋምሷል። ዝናቡ ሳይቀድም የሰሊጡ መሬት መገልበጥ አለበት፤ ትራክተር የሚያከራዩት ባለሀብቶች ደግሞ ገንዘብ ካላዩ ቁልፍ አያዞሩም። ስለዚህ ሽማግሌው ከአባታቸው የቀረውን የወተት ዱቄት ጣሳ በነጠላ ጠቅልለው፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ጥግ ይዘው ነበር።

በጣሳው ውስጥ ያለው የሞተ ገንዘብ ነው። አባታቸው አቶ አለምሰገድ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመተማ ገበያ ሙጫና ጥጥ የነገዱ ሰው ነበሩ። ከሱዳን በኩል የመጣውንም፣ ከደጋ የወረደውንም ገንዘብ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ያስቀሩ ነበር፤ መንግሥት ተለውጦ ገንዘቡ ከገበያ ሲወጣም አይጥሉትም። ጎረቤት «አለምሰገድ ሬሳ ይሰበስባል» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ሳንጃ ላይ፣ በሴት ልጃቸው በየዓለምወርቅ ቤት አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ መሬቱም ከብቱም ለወንዱ ልጅ ሆነ፤ ጣሳውንም አቶ ዋለ ከልብስ ሣጥኑ ጋር ጭነው አመጡና አልጋ ሥር ወረወሩት። መተማ ላይ ወርቅና ብር የሚገዛ ወንድማገኝ የሚባል ሰው «አሮጌ ብር ካለዎት ያምጡልኝ» ብሎ በሰው እስኪልክባቸው ድረስ እዚያው ረስተውት ኖረው ነበር።

መንገዱ ሲጋመስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ክሪክ ሊለምን ወደ ኋላ ሮጠ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። አቶ ዋለ ከአንድ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጣሳውን ከፈቱ። ከኪሳቸው ግማሽ ሎሚ አወጡ፤ ከመንገዱ ዳር ደቃቅ አሸዋ ዘገኑ፤ ከጠገራ ብሮቹ አንዱን በመዳፋቸው ይዘው አሸት አሸት ያደርጉት ጀመር።

«ኧረ አባባ፣ ስለ ፈጠረዎት ይተውት!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ከዛፉ ማዶ አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳዋን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ምነው ልጄ፣ እባብ አየሽ?»

«እባብስ ቢሆን በዱላ ይመታል። ያን ብር ግን አንዴ ካሹት የሚመልሰው የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሰው ዕቃ መግባቴ ነውር ነው። አይቼ ዝም ማለት ግን አቃተኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰርኬ ልጅ ሃይማኖት ነኝ፤ ሽንፋ ወፍጮ ቤት ያላት ሰርኬ። አሁን ገንዳ ውሃ ታሪክ አስተምራለሁ። እርስዎም አያ ዋለ መሆንዎን አሁን ነው የለየሁ።»

«የሰርኬ ልጅ!» አሉ አቶ ዋለ ፊታቸው ፈታ ብሎ። «እንግዲያ የቤት ልጅ ነሽና ልንገርሽ። ይህ የአባቴ ገንዘብ ነው፤ ልሸጠው እየወረድሁ ነው። በሬ እንኳ ገበያ ሲወጣ ይታጠባል። የጠቆረ ብር ይዤ ብቀርብ ገዥው ቆርቆሮ ነው አይለኝም?»

«አያ ዋለ፣ ሰሊጥ መሸጥ ከጀመሩ ስንት ዘመን ሆነዎት?»

«አንቺ ሳትወለጅ ነው የጀመርሁ።»

«አቧራ አለበት ብለው ሰሊጥ አጥበው ገበያ አውጥተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ሣቁ። «ምን አደከመኝ! ውሃ የነካውን ሰሊጥ ማን ይገዛል? ነጋዴው ሹል ብረቱን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ ትንሽ ሲያወጣ በጠረኑ ያውቀዋል። ዋጋዬን ይሰብረዋል።»

«ብሩም እንደዚያው ነው። አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚከፍሉት ለክብደቱ ብቻ አይደለም። ለተቀረጸው መልክ፣ ለጽሕፈቱ፣ ዘመን ላለበሰው ቆዳ ጭምር ነው። አሸዋ ጥቁረቱን ብቻ አያነሣም፤ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ጠጉር፣ በሌሎቹ ላይ ያለውን የአንበሳ ጋማ አብሮ ይበላዋል። የሚያውቅ ገዥ የታሸ ብር ሲያይ፣ እርስዎ ውሃ የነካው ሰሊጥ ሲያዩ እንደሚሆኑት ነው የሚሆን።»

አቶ ዋለ በእጃቸው ያለውን ብር ገልብጠው አዩት። ግማሹ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ባብለጨለጨው በኩል የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ አሸዋው የጫራቸው ጭረቶች ተጋድመዋል። ሎሚውን ወደ ጫካው ወረወሩት።

በአገራችን ያረጀ ነገር የሚገጥመው ዕድል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አይረባም ተብሎ አልጋ ሥር ይጣላል፣ ወይ እናሳምረው ተብሎ ይፋቃል። እንዳለ ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አቶ ዋለ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያልተጠየቀውን ነገር ሳይጠይቁ የኖሩ ሰው ነበሩ እንጂ።

«ይሁን፤ ማሸቱን ተውሁት» አሉ። «ግን አሮጌነቱን ራሱ ብሩ ይመሰክራል። ይኸው ማሪያ ቴሬዛ። ቁጥሩን ልጄ አንብቦልኛል፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ! ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ብር ትራክተር ከነነጂው አይገዛልኝም?»

ሃይማኖት ጥቂት አመነታች። «ይህን ስነግርዎ አይክፋዎ። ያ ዓመት ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው። ነጋዴው መልኳን ስለለመደ፣ ከሞተች በኋላም ዓመቱን ሳይለውጡ ብዙ ዘመን ሲያትሙት ኖረዋል። ከዚህ ጣሳ ያሉት ምናልባት የአያትዎን ዕድሜ እንኳ አይበልጡም። ብር ናቸው፣ ዋጋ አላቸው፤ ግን በየቤቱ ያሉ ናቸው።»

«ታዲያ የትኛው ነው ውዱ? ይህ እንዳይሆን ብቻ» ብለው አቶ ዋለ አንድ ሰፊ፣ በዐረብኛ የተጻፈበት፣ ጠርዙ የቀላ ገንዘብ አወጡ። «የደርቡሽ ግርሽ ይለው ነበር አባባ፤ የድሮ የሱዳን ገንዘብ ነው። መዳብ ነው፤ ብር የተቀባው ላዩን ብቻ ነው። አታላይ ነው፤ ልጥለው ነበር።»

ሃይማኖት በሁለት ጣቷ ጠርዙን ብቻ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ይህን አይጣሉት። ዋጋውን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልነግርዎትም። እኔ የተማርሁት ታሪክ ነው፤ ገንዘብ መመርመር አይደለም። ነገር ግን ብሩ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በሎሚ ቢያሹት ኖሮ ምን ይተርፈው ነበር?»

ሽማግሌው ግርሹን ተቀብለው ወደ ጣሳው መለሱት። «እንግዲያ ምን አድርግ ትይኛለሽ? ዝናቡ አይጠብቀኝ» አሉ።

«ሁሉንም በአንድ ሚዛን ለአንድ ሰው አይስጡ። መጀመሪያ በየዓይነቱ ይለዩት፤ እርስ በርሱ እንዳይፋጭ በወረቀት ይጠቅልሉት፤ በሁለት በኩል ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ዕቃውን የማይገዛውን ሰው ይጠይቁ፤ ገዥ ዋጋ ነጋሪ ከሆነ ዳኛውም ከሳሹም አንድ ሰው ነው። ቅርስ የሚሆነውን ደግሞ የባህል መሥሪያ ቤት አይቶ ይመዘግበዋል፤ ያለ ፈቃድም ድንበር አይሻገርም፤ ሕግ ነው።»

«መሥሪያ ቤት!» ብለው አቶ ዋለ ተቆጡ። «ሹም ያየው ንብረት መቼ ተመልሶ ያውቃል? ዛሬ ይጽፉታል፤ ነገ ይወስዱታል። አባቴ ይህን ሁሉ ዘመን የደበቀው ለምን መሰለሽ?»

«ፍርሃትዎ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ያየ ሰው ይፈራል። ነገር ግን ይዩት፤ የተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅ ‹የእኔ ነው› ብለው ይከሳሉ። የተደበቀ ዕቃ ቢሰረቅ ለማን ይጮኻሉ? ዛሬ ይዘውለት የሚሄዱት ገዥ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት ቢያሻግረውስ? ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ ማዶ የሄደ ነገር ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።»

ረዳቱ ክሪኩን አግኝቶ ተመልሷል፤ ሚኒባሱ ቀስ እያለ ከመሬት ተነሣ። ሃይማኖት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወራሹ እርስዎ ብቻ ነዎት?»

«እህት አለችኝ፤ የዓለምወርቅ፣ ሳንጃ ያገባችው።»

«መሸጥዎን ታውቃለች?»

«እሷ ምን አገባት? የሴት ልጅ ሀብቷ በባሏ ቤት ነው። አባቴ ከአባቱ ሲወርስ አክስቶቼን አልጠየቀ። ይህ የአገር ሥርዓት ነው እንጂ የእኔ ፈጠራ አይደለም።»

«አባትዎ የት አረፉ?»

«ሳንጃ፣ ከእሷ ዘንድ።»

«ለምን ከእርስዎ ዘንድ አልሆኑም?»

«ዓይኑ ጠፍቶ ነበራ። የሽንፋው ሙቀት ከበደው። እኔም በክረምት ከማሳ አልወጣ፤ በበጋም ሠራተኛ ስጠብቅ...» አሉና አቶ ዋለ ነገሩን ሳይጨርሱ ቀሩ።

«ያበላቸው፣ ያጠባቸው፣ ሌሊት ሲጣሩ አቤት ያላቸው ማን ነው?» አለች ሃይማኖት። «አያ ዋለ፣ ሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይውረሱ ይላል። ሕጉን ቢተዉት እንኳ ሥርዓቱን ይጠይቁት። አባትን የመጦር ሸክም ለሴቷ የሚደርስ፣ የአባት ዕቃ ሲሆን ግን ለወንዱ ብቻ የሚደርስ ሥርዓት፣ እውነት ሥርዓት ነው?»

አቶ ዋለ ጣሳውን ከደኑ። «ልጄ» አሉ በቀዘቀዘ ድምፅ፣ «ስለ ብሩ የነገርሽኝን ሰማሁ። ቤቴ ግን አትግቢብኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና ተነሣች።

ጎማው ተቀየረና ሁሉም ተሳፍሮ ገንዳ ውሃ ደረሱ። ስትወርድ ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ተቀበሉ እንጂ አላነበቡትም።

የቃል ምክር ሰውን በር ድረስ ያደርሰዋል፤ ማስገባት ግን የኑሮ ሥራ ነው። አቶ ዋለ በሙቀት በሚንቀለቀለው የመተማ ዮሐንስ ገበያ አልፈው፣ ስልክ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ጀርባ ካለች ጠባብ ክፍል ገቡ። ወንድማገኝ በአክብሮት ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃም አስመጣላቸው።

ጣሳውን ገለበጠው። ጠገራዎቹን ባንድ ላይ ሰብስቦ ሚዛን ላይ ጫነ። አንበሳ ያለበትንም፣ ንግሥቲቱ ያለችበትንም፣ በጣሊያን ዘመን የተመታውንም ሳይለይ በግራም ቆጠረው። የቀረውን በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ፣ «ይህ መዳብና ነሐስ ነው፤ ዋጋ የለውም። እርስዎንም ሸክም እንዳይሆንብዎ ለልጆች መጫወቻ ልውሰደው» አለ።

አቶ ዋለ የሚያዩት እጁን ነበር። የሰውየው እጅ ሁሉንም ገፍቶ ሲያበቃ፣ ያን ጠርዙ የቀላውን የደርቡሽ ግርሽ ለብቻው አንሥቶ ሚዛኑ ከተቀመጠበት ጨርቅ ሥር ሸጎጠው። ሽማግሌው ያን እጅ ያውቁታል። የሰሊጥ ደላላ «ይህ ጆንያ ቆሻሻ ነው» እያለ በእግሩ ለተሸካሚው ምልክት ሲሰጥ፣ ያ ጆንያ ከሁሉ የተሻለው መሆኑን ያወቁት በብዙ ኪሳራ ነው።

«ዋጋ ከሌለው መልስልኝ» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል አባባ?»

«የአባቴ ነው። ለማስታወሻ ላስቀረው።»

ወንድማገኝ ሣቅ አለና ለግርሹ ዋጋ ጠራ። አቶ ዋለ ዝም አሉ። ጨምሮ ጠራ። አሁንም ዝም ሲሉ ሦስተኛ ጨመረና፣ «ዛሬ ካልሸጡልኝ ግን ነገ አልገዛም። ዛሬውኑ ማዶ የሚያሻግረው ሰው እየጠበቀኝ ነው» አላቸው።

«አንተ ልጅ» አሉ አቶ ዋለ፣ «ዋጋ የለውም ላልከው ነገር እኔ ሳልናገር ሦስት ጊዜ ዋጋ ሰጠህ። አንድ ጊዜ ብቻ ብትጨምር ኖሮ አምንህ ነበር።» ግርሹን ከጨርቁ ሥር አውጥተው፣ ገንዘቡን አንድ በአንድ ለቅመው ወደ ጣሳው መለሱና፣ ስለ ውሃው አመስግነው ወጡ።

ፀሐዩ መሐል አናት ላይ ነበር። አቶ ዋለ ከአንድ የታጠረ ግንብ ጥላ ቆመው ስልካቸውን አወጡ። ወደ ሃይማኖት የሚደውሉ መስሏቸው ነበር፤ እጃቸው ግን የእህታቸውን ስም ፈለገ። የዓለምወርቅ ገና ከመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ዋለ? ምን ሆንክ? ማን ታመመ?»

ወንድሟ ሰው ሳይሞት ደውሎላት እንደማያውቅ አቶ ዋለ በዚያች ሰዓት ተረዱ።

«ማንም አልታመመ። የአባባን ጣሳ... ልሸጠው መተማ ወርጄ ነበር። ሳልነግርሽ። አልሸጥሁትም።»

አቶ ዋለ ስድብ ጠበቁ። እህታቸው ግን፣ «ቀዳዳ ያላት ጠገራ አለች?» ብላ ጠየቀች።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው ፈለጉ። «አለች። የተበሳች ናት፤ ሚዛንም አትሞላ።»

«እሷ የእማማ የአንገት ጌጧ ናት። ስታገባ በማተቧ ላይ ያሰረችላት አያታችን ናት። አባባ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ጣሳውን ይዞ እየዳሰሰ የሁሉንም ይነግረኝ ነበር፤ ይህ ሙጫ ሸጬ ያመጣሁት ነው፣ ይህ አንድ የኦምዱርማን ነጋዴ የሰጠኝ ነው እያለ። በጣቱ ነበር የሚያውቃቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ፣ ወንድሜ?»

አቶ ዋለ ከዚያ ግንብ ጥላ ሥር ቆመው አለቀሱ። አላፊ አግዳሚው ሐዘን የተረዱ መስሎት «እግዜር ያጽናዎት» እያለ አለፈ። እሳቸውም «አሜን» አሉ፤ ውሸት አልመሰላቸውም።

አቶ ዋለ በቁራጭ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ለሃይማኖት ደወሉላት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም የዓለምወርቅ ከሳንጃ፣ እሳቸውና ሃይማኖት ደግሞ ከመተማ በኩል መጥተው ጎንደር ላይ ተገናኙ። ገንዘቡን ወደ ባህል መሥሪያ ቤት ወሰዱት፤ ሃይማኖትን ያስተማሯት አንድ የታሪክ መምህርና ገንዘብ በመሰብሰብ የታወቁ አንድ ሽማግሌም ለየብቻ አዩላቸው። ነገሩ ሁሉ እንደ ምኞት አልሆነም። አንበሳ ካለባቸው ሁለቱን ማግኔት አነሣቸው፤ ሐሰት ነበሩ። አቶ ዋለ «የአባቴን ገንዘብ ሐሰት ትሉታላችሁ?» ብለው ሲቆጡ፣ የዓለምወርቅ «አባባ ራሱ እነዚህን ሁለቱን ‹የተታለልሁባቸው› ይላቸው ነበር» አለች። ሽማግሌው ሰብሳቢ እስኪያስነጥሳቸው ሣቁ። ጠገራዎቹም ሃይማኖት እንዳለችው በየቤቱ ያሉ ዓይነት ሆኑ፤ ያ በሎሚ የታሸው ደግሞ ከባልንጀሮቹ ያነሰ ዋጋ ተሰጠው።

የደርቡሹ ግርሽ ግን በደርቡሾቹ ገዥ በኸሊፋው ዘመን ኦምዱርማን የተመታ ሆኖ ተገኘ፤ የተቀባው ብር እንዳለ የቀረለት ብዙ እንደማይገኝ ሁለቱም መርማሪዎች ሳይመካከሩ ተናገሩ። የዓለምወርቅ ከአባቷ የሰማችውን፣ ከማን እጅና በየትኛው ገበያ እንደተገኘ፣ ስትናገር መዝጋቢው ጽፎ ያዘላት። መሥሪያ ቤቱም ገንዘቡን አልወሰደም፤ የባለቤቶቹን ስም ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ መልሶ ሰጣቸው። በዚያች ቀን አቶ ዋለ ወረቀቱን ስንት ጊዜ አውጥተው እንዳዩት እግዜር ይወቀው።

ድርብ ድርብ የነበሩትን ጠገራዎች፣ መሸጣቸውን ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቀው፣ ከሁለት ገዥ ዋጋ ጠይቀው ሸጡ። ባለጸጋ አላደረጋቸውም። መሬቱ ግን በጊዜው ታረሰ፤ የዓለምወርቅም በድርሻዋ ላም ገዛች። የደርቡሹን ግርሽ አልሸጡትም፤ በሁለቱም ስም፣ በመሥሪያ ቤቱ ቅርስ ለሕዝብ በሚታይበት ክፍል በአደራ አስቀመጡት፤ ሥሩም «ከአቶ አለምሰገድ ልጆች» የሚል ተጻፈበት። ሰፈርተኛ ሬሳ ሰብሳቢ ያላቸው ሰው በስማቸው ተጠሩ። የተበሳችውን ጠገራ ወንድምየው በገዛ እጃቸው በእህታቸው አንገት አሰሩላት።

ክረምቱ ገብቶ ሰሊጡ ጉልበት ሲደርስ፣ ቢሆነኝ የሚባል ጎረቤታቸው አቶ ዋለን ፈልጎ ማሳ ድረስ መጣ። እናቱ ከሞተች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ የብር አምባርና አልቦ፣ ጥቂትም የጥንት ገንዘብ ትታለች።

«አያ ዋለ» አለ ቢሆነኝ፣ «ወንድማገኝ በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ ብሎኛል። እህቴ ግን ድርሻ አለኝ እያለች ሽማግሌ ልካለች። እርስዎ የአገር ሥርዓት ያውቃሉና ሴት ልጅ እንደማይደርሳት ይመስክሩልኝ ብዬ ነው።»

አቶ ዋለ መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ሥርዓቱን አውቀዋለሁ» አሉ። «አምኜበትም ኖሬአለሁ። አሁን ግን ያየሁትን ነው የምመሰክር። ብቻዬን ልሸጥ በሄድሁ ጊዜ ዋጋ የለውም ተባልሁ፤ ከእህቴ ጋር በሄድሁ ጊዜ የአባቴ ስም ተጻፈ። እኔ የያዝሁት ጣሳውን ነበር፤ በውስጡ ያለውን የያዘችው እሷ ናት። ለብቻዬ በልቼው ቢሆን ኖሮ ከአንድ ክረምት አያልፍም፤ እህቴም እስክሞት የማታነሣው ቂም ትይዝብኝ ነበር። ዛሬ እኔ ብታመም የምጠራው ሰው አለኝ፤ እሷም ብትቸገር በሬ ነድቼ እሄዳለሁ። ልጆቼም ይህን አይተዋል፤ ነገ እኔ ስሞት ሣጥን ይዘው አይራገጡም። ይህ ሁሉ በግራም አይመዘንም፣ ልጄ።»

«ታዲያ አልሽጠው?»

«ሽጠው እንጂ! ለመሸጥ ነውር የለውም። አትፈግፍገው፣ ባንድ ሚዛን አትስጠው፣ ቅርስ መሆን አለመሆኑን አሳይ፣ ሁለት ሰው ጠይቅ። እኔ አላውቅም ማለትን ደግሞ አትፈር፤ እኔ በስተርጅና ከሰርኬ ልጅ ነው የተማርሁት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ኋላ ነው። መጀመሪያ እህትህን ጥራት። ሽማግሌ ሳይሆን አንተ ራስህ ጥራት።»

ቢሆነኝ ስልኩን ከኪሱ አወጣና የእህቱን ቁጥር ፈለገ። አቶ ዋለም ጎረቤታቸው እንደ ልቡ እንዲናገር፣ መኮትኮቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ማሳው ማዶ ፈቀቅ አሉለት።